የግቢ ውሻን ማበጠር፣ ማጠብና መፈተሽ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአገራችን ገጠር ውሻ የሌለበት የገበሬ ግቢ ጥቂት ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከጠባቂው ልጅ ጋር ማማ ሥር ውሎ ዝንጀሮና ጦጣ የሚያባርረው፣ ማታ ከርከሮና ጃርት ከማሳው እንዳይገቡ የሚጮኸው፣ እህሉም በአውድማ ሳለ ሌባ የሚያስደነግጠው ውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚጠይቀው የዕለት ፍርፋሪውን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ለበሬው፣ ለላሟና ለበጉ የሚደረገው ጥንቃቄ ለውሻው ሲደረግ አይታይም። በሬው መዥገር ሲወረው ባለቤቱ ይለቅምለታል፤ በጉ እከክ ሲይዘው ወደ መድኃኒት ማጥለቂያው ይነዳል። ውሻው ግን ጆሮው ውስጥ መዥገር ተደርድሮበት እየታከከ ይከርማል፤ የሰው እጅ ሳያርፍበትም ዓመቱ ያልፋል።

ስለ ሰብል የምንጽፍ ሰዎች ስለ ውሻ መጻፋችን ያስገርም ይሆናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በውሻው ላይ የሚራባው ተባይና በሆዱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ልጆች፣ ወደ በጎችና ወደ ጓሮ አትክልቱ ይዘልቃል። ሁለተኛ፣ ለሰብል ብለን የምናድለውን ፀረ ተባይ መድኃኒት በውሻ ገላ ላይ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። ይህ ደግሞ በቀጥታ የእኛ ሙያ ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ውሻን በሳምንት አንድ ቀን ለሩብ ሰዓት ያህል ማበጠርና መፈተሽ ትርፉ የውሻው ንጽሕና ብቻ አይደለም። እጅ የለመደ ውሻ በክትባት ቀን ይያዛል፤ እጅ ያልለመደ ውሻ ግን በክትባት ቀን ከግቢ ጠፍቶ ይውላል። ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

1. ከውሻ ገላ ላይ የሚገኙት ተባዮች

መዥገር፦ በውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ሴቲቱ ደም ጠጥታ ከጠገበች በኋላ ከውሻው ላይ ትወርድና በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በድንጋይ ሥር እስከ 4,000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ስለሆነም ከውሻው ገላ ላይ አንዲት መዥገር በጊዜ መልቀም በግቢው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ መዥገሮች እንዳይፈለፈሉ መከላከል ማለት ነው።

ቁንጫ፦ በውሻው ላይ የሚታየው ያደገው ቁንጫ ነው። እንቁላሉ፣ ትሉና ሙሽሬው የሚገኙት ውሻው በሚተኛበት ገለባ፣ ጆንያና አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሻውን አጥቦ መኝታውን መተው ከንቱ ድካም ነው። ቁንጫ አንድ ዓይነት የውሻ የኮሶ ትልም ያስተላልፋል። ውሻው ቁንጫውን ሲነክስ ይውጠዋል፤ ሕፃን ልጅም ከውሻው ጋር ሲጫወት ሳያውቅ ሊውጠው ይችላል።

እከክ፦ በዓይን የማይታይ ነፍሳት በቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ የሚያመጣው በሽታ ነው። ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ ሥር ይጀምራል። ፀጉር ይረግፋል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ውሻው ሌት ተቀን ይታከካል። ከውሻው ጋር በሚተሻሹ ሰዎች ላይም ሽፍታና ማሳከክ ያስከትላል። በእጥበት ብቻ ስለማይድን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል።

2. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ጠንካራ ማበጠሪያ ወይም ብሩሽ፣ አንድ ወረንጦ፣ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቂት አረቄ የያዘ ክዳን ያለው ብልቃጥ፣ ሳሙና፣ ባልዲና ጣሳ፣ እንዲሁም ለአንገት የሚሆን ሰፊ ማሠሪያ ይበቃል። ቀጭን ሲባጎ አንገት ስለሚቆርጥ አይታሰርበትም። እነዚህ ዕቃዎች ለውሻው ብቻ ይመደቡ፤ ለብቻቸውም ይቀመጡ።

3. ውሻን እጅ ማስለመድ

ሥራው በቡችላነት ቢጀመር ይመረጣል። ከ1 ወር ተኩል ዕድሜ ጀምሮ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ጆሮውን፣ መዳፉን፣ ከንፈሩንና ጅራቱን መነካካትና ወዲያው አንድ ጉርሻ መስጠት ነው። በዚህ ሁኔታ ያደገ ቡችላ ትልቅ ውሻ ሲሆን አይቆጣም።

ለትልቅ ውሻ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባውን ብቻ ማሻሸት፣ በሁለተኛው ማበጠሪያውን ማሳየትና ማስነካት፣ በሦስተኛው እግሩንና ጆሮውን መጨመር ይቻላል። ሥራውን የሚሠራው ውሻው የሚያውቀው አዋቂ ሰው ነው፤ ለልጆች አይተውም። ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቿን ስታጠባ አይነካም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጥርሱን አሳይቶ ካጉረመረመ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ዱላ ማንሣት የአንድ ወር ልፋትን በአንድ ቀን ያጠፋል።

በአንዳንድ ቤት ውሻን መንካት በእምነትም ሆነ በልማድ የሚጸየፉት ነገር ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን መንቀፍ የለበትም። እጀታው ረዘም ያለ ብሩሽና ጓንት መጠቀም፣ ለሥራው የተለየ ልብስ መልበስና ሥራው ሲያልቅ በየእምነቱ ሥርዓት መታጠብ እንደሚቻል ማስረዳት ይበቃል። እንዲያውም እጅ መታጠብ ሁሉም ቤት ሊከተለው የሚገባ ደንብ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጻለን።

4. ሳምንታዊው ማበጠርና ፍተሻ

ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከማድ ቤትና ከውኃ ማሰሮ ራቅ ብሎ ይከናወን። ተራውን መጠበቅ ጠቃሚ ነው፤ አንድ ቦታ ተዘልሎ እንዳይቀር ይረዳል።

ሀ. ከአንገት ጀምሮ ወደ ጅራት፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ማበጠር። የተጋገረ ፀጉር ሲገኝ መጎተት አይገባም፤ በጣት ቀስ በቀስ ይፈታል። ካልተፈታ ማበጠሪያውን በቆዳውና በተጋገረው ፀጉር መካከል አስገብቶ ከማበጠሪያው በላይ ያለውን በመቀስ መቁረጥ ቆዳን ከመቁረጥ ያድናል።

ለ. ከማበጠሪያው ላይ የወጣውን ጥቋቁር ፍርፋሪ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ማራገፍ። ፍርፋሪው ወደ ቀይ ቡናማ ቀለም ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ቁንጫው ከውሻው የጠጣው ደም ነው። ካልተለወጠ ተራ አፈር ነው።

ሐ. መዥገር መፈለግ። ጆሮ ውስጥና ከጆሮ ጀርባ፣ በአንገት ማሠሪያው ሥር፣ በብብት፣ በጉያ፣ በጣቶች መካከልና በጅራት ሥር ይፈለጋል። ሲገኝ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሳይጠመዝዙና ሳያፈነዱ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የተነቀለው በአረቄው ብልቃጥ ውስጥ ይጨመራል ወይም በእሳት ይቃጠላል። በጣት ጥፍር ጨፍልቆ መግደል ክፉ ልማድ ነው። መዥገር ላይ ላምባ ማፍሰስ ወይም የተቀጣጠለ ክብሪት ማስጠጋትም ውሻውን ከማቁሰል በቀር ጥቅም የለውም።

መ. ዓይን፣ አፍና ጆሮን መመልከት። ጤናማ ድድ ወደ ሮዝ ያደላ ቀለም አለው። ጆሮ ከሸተተ ወይም መግል ካወጣ ወደ ክሊኒክ ይወሰዳል። በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው በዓይን የሚታየው የጆሮ ክፍል ብቻ ነው፤ እንጨት ወይም ላባ ወደ ውስጥ አይገባም።

ሠ. መዳፍና ጥፍርን ማየት። በመዳፉ የተሰካ እሾህ ይነቀላል። በድንጋያማ መሬት የሚሮጥ ውሻ ጥፍሩ በራሱ ያልቃል። ነገር ግን ከውስጥ በኩል ከፍ ብላ ያለችው አውራ ጥፍር መሬት ስለማትነካ ተጠምዝዛ ሥጋ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። በጥፍር ውስጥ ደም ሥር ስላለ ከጫፏ ጥቂት ብቻ ይቆረጣል። የቡችላን ጆሮ መቁረጥ ግን የሚጠቅም ነገር የለውም፤ ሥቃይና ለዝንብ የተጋለጠ ቁስል ነው።

5. አስተጣጠብ

አጭር ፀጉር ያለው የግቢ ውሻ በየሳምንቱ መታጠብ አያስፈልገውም። በየአንድ ወይም ሁለት ወሩ፣ ወይም ጭቃና ጥንብ በነካው ጊዜ ቢታጠብ ይበቃል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አካባቢ ማበጠሩ ከማጠቡ የበለጠ ጥቅም እንዳለው ማስታወስ ይገባል። ለመካከለኛ ውሻ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

በደጋ አካባቢ ውሻ የሚታጠበው ፀሐይ ባለበት ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ ይኸውም ሳይመሽ እንዲደርቅ ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ቡችላ፣ የታመመ ውሻና በቅርቡ የወለደች ውሻ አይታጠቡም። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

ሀ. መጀመሪያ ማበጠር፤ የተጋገረ ፀጉር ውኃ ሲነካው ይብስበታልና።

ለ. ለብ ያለ ውኃ ከአንገት በታች በጣሳ እያፈሰሱ ማርጠብ።

ሐ. መጀመሪያ በአንገቱ ዙሪያ በሳሙና አረፋ ቀለበት መሥራት። ይህ ቁንጫው ከውኃው ሸሽቶ ወደ ጆሮና ወደ ፊት እንዳይወጣ ያግደዋል። ከዚያ በጀርባ፣ በሆድና በእግር ማሸትና 5 ደቂቃ ያህል ማቆየት። ለስላሳ የገላ ሳሙና ይመረጣል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ቆዳ ይልጣሉ።

መ. ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ማለቅለቅ። የቀረ ሳሙና ራሱ ያሳክካል።

ሠ. ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ መጥረግ፤ ከዚያ አድርቆ ፀሐይ ላይ ማሠር። ወዲያው ከተለቀቀ አፈር ላይ ይንከባለላል።

በዚያው ቀን የመኝታው ገለባ ይቃጠል፤ ጆንያው በፈላ ውኃ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ በመኝታው አካባቢ ያለው የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ።

6. በውሻ ገላ ላይ ፈጽሞ የማይፈስሱ ነገሮች

ይህን ክፍል የልማት ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ እንዲያነብበው እንጠይቃለን።

ማላታዮን ለተምችና ለነቀዝ፣ ዳያዚኖን ለበጎች ማጥለቂያ፣ ዲዲቲ ደግሞ ቀድሞ ለወባ ትንኝ መከላከያ በየገጠሩ የታወቁ ስሞች ናቸው። ዲዲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ለግብርና ሥራ እንዳይውል የተከለከለ ነው። ሆኖም በየጓዳው የቀረ ዱቄት ወይም ከርጭት የተረፈ መድኃኒት ለቁንጫ ይበጃል ተብሎ ውሻ ላይ ሊፈስ ይችላል።

ውሻ እንደ በሬ አይደለም፤ ገላውን ሁሉ ይልሳል። በቆዳው ያልገባው መርዝ በምላሱ ይገባል። ለሰብል የተዘጋጀ መድኃኒት ልኬቱ ለሄክታር እንጂ ለእንስሳ ገላ አይደለም። ማላታዮንና ዳያዚኖን የነርቭ ሥራን የሚያውኩ መርዞች ናቸው። ምልክታቸው ለሃጭ መዝረብረብ፣ ዓይን ማልቀስ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥና ትንፋሽ ማጠር ነው። ውሻውን በባዶ እጁ ያሸው ሰውና ያቀፈው ልጅም ይህንኑ ሊታመሙ ይችላሉ።

ይህ አደጋ ከደረሰ ጓንት አድርጎ ውሻውን በብዙ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ ወዲያው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ነው። ወተት ማጠጣት መርዙን አያረክስም፤ ጊዜ ያባክናል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ላምባ ለእከክ መድኃኒት አይደሉም፤ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ሲላሱም ይመርዛሉ። እንዶድ ልብስ ያጸዳል፤ ሆኖም ዓይንና አፍንጫን ስለሚያቆጣና ሲዋጥ ስለሚጎዳ ለውሻ እጥበት አንመክረውም። ለመዥገርና ለቁንጫ መድኃኒት ካስፈለገ ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ በውሻው ክብደት ተመጥኖ፣ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም ነው። ለውሻ ከሚዘጋጁት አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለባቸው፣ ድመትን ይገድላሉ። ድመት ባለበት ቤት ይህ ለሐኪሙ ይነገር። መድኃኒት የነካው እጣቢ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አይፈስስም።

7. የቅርጫ ሥጋና የውሻ ትል

የበዓል ቅርጫ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲገኝ «ለውሻ ጣሉት» ማለት የተለመደ ነው። ውሻ ከሚታመምበትና ሰውን ከሚያሳምምበት መንገድ ዋነኛው ይህ ነው። በዚያ ውኃ በቋጠረ እባጭ ውስጥ ያለው የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ትል ዕጭ ነው። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በኩሱ ላይ በዓይን አይለይም። ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉን ሰው ከዋጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ እባጩ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ጥገና አይድንም።

አዙሪት የሚባለው የበግ በሽታም ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። የበጉን ጭንቅላት ለውሻ ሲጥሉ በአንጎሉ ያለው ዕጭ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል። እንቁላሉ በግጦሹ ላይ ይበተናል፤ ሌላ በግ ይግጠዋል፤ ያም በግ በተራው ራሱን አዘንብሎ መዞር ይጀምራል።

የትሉ እንቁላል በውሻው ፀጉር ላይም ይጣበቃል። ከማበጠር በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያሻል ያልነው ለዚህ ነው። በተጨማሪ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

ሀ. ውኃ የቋጠረ ሳንባ፣ ጉበትና የአዙሪት በግ ጭንቅላት ይቃጠል፤ ወይም ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ተቀብሮ በድንጋይ ይከደን። ለውሻ የሚሰጥ ማንኛውም የሆድ ዕቃ ለ40 ደቂቃ ያህል ይቀቀል።

ለ. የውሻ ኩስ ከጓሮ አትክልትና ከኮምፖስት ጉድጓድ ይራቅ። እንቁላሉ በእርጥብና በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጥሬ የሚበላ ሰላጣና ካሮት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ሐ. ለትሉ ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥ፤ በሚቀጥሉት ቀናትም ውሻው ታስሮ ኩሱ ይቀበር።

8. የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከባድ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት መዝግበዋል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በ1885 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ከሞከረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ሰውን የሚያድን አስተማማኝ ሕክምና እስከ ዛሬ የለም። በሽታውን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት መካከል ውሻ እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል።

ውሻውን በየሳምንቱ የሚያበጥር ሰው የጠባይ ለውጡን ቀድሞ ያያል። ለማዳው ውሻ ያለ ምክንያት ሲነክስ፣ ወይም ኃይለኛው ውሻ በድንገት ሲፈዝ፣ ድምፁ ሲጎረና፣ መንጋጋው ሲወድቅ፣ ለሃጩ ሲዝረበረብና መዋጥ ሲያቅተው ማበጠሩም ማጠቡም ይቁም። «አጥንት ተሰክቶበት ይሆናል» ብሎ አፉን ለመክፈት እጅ መስደድ ለሞት መጋበዝ ነው። ማንም ሳይጠጋው በተዘጋ ቦታ እንዲቆይ ተደርጎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

ውሻ የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይሂድና ክትባት ይጠይቅ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ባይገደልና ታስሮ ለ10 ቀን በባለሙያ ቢታይ ለሕክምናው ይጠቅማል። ቅጠል እየበጠሱ ቀን መቁጠር ክትባቱ የሚሠራበትን ጊዜ ያሳልፋል።

ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ክትባቱም ባለሙያው በሚያዘው መሠረት በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሾችን በመርዝ መግደል ግን በሽታውን አላጠፋም፤ በተገደለው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይተካል። በባሌ ተራሮች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በተደጋጋሚ ቀይ ቀበሮዎችን የጨረሰውም ከመንደር ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ነው።

9. የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ድርሻ

ሀ. በየቀበሌው የውሾችን ቁጥር ከነባለቤቶቻቸው መመዝገብ።

ለ. ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጋር ተነጋግሮ የክትባት ቀን መወሰን። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እጅ የማስለመዱን ትምህርት መጀመር፤ በቀኑም ውሻ በማሠሪያ እንዲመጣ ማስተማር።

ሐ. ወረንጦ፣ ብሩሽና ለውሻ የተፈቀደ መድኃኒት በማኅበሩ በኩል በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ማከፋፈል።

መ. ከመስቀል፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከአረፋ በፊት የእርድ ተረፈ ምርት መቅበሪያ ጉድጓድ ማስቆፈር።

ሠ. የማኅበሩ መጋዘን ኃላፊ የሰብል መድኃኒት ሲያድል «ለእንስሳ ገላ አይደለም» ብሎ ለእያንዳንዱ አባል መናገር፤ ባዶ ዕቃውንም መልሶ መሰብሰብ።

ማጠቃለያ

ማበጠሪያ፣ ወረንጦና ሳሙና ዋጋቸው ትንሽ ነው። ሩብ ሰዓት ደግሞ ከእሑድ ቡና አንድ ስኒ የማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚህ ወጪ የሚገኘው ጥቅም ግን መዥገርና ቁንጫ የቀነሰበት ግቢ፣ አዙሪት የራቀው መንጋና በክትባት ቀን እጅ የሚሰጥ ውሻ ነው። የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያ በሚጎበኘው ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ውሻ አበጥሮ፣ አንዲት መዥገር በወረንጦ ነቅሎ ቢያሳይ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል። ሥራው ከዚያ እንዲጀመር እንመክራለን።